ከላፕቶፑ ያስወጣኋቸው ያልተጠሩ እንግዶች

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የሚያወራችሁ ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባችኋል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ታቅፎ ባጃጅ የገባ ሰው የት እንደሚሄድ አይጠየቅም፤ ሾፌሩ ራሱ አምጥቶ እኔ በር ላይ ያወርደዋል። ሬዲዮ የፈታሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። መልሶ ለመግጠም ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ግን ገጥሜዋለሁ፤ ሦስት ብሎንም ተርፎኛል። ብሎን ያላስተረፈ ጠጋኝ ፋብሪካ የሠራውን ደገመ እንጂ ምን አሻሻለ? ከዚያ ወዲህ የውሃ ፓምፕ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የወፍጮ ሞተር፣ አንድ ጊዜም የሰው ጥርስ ነክቻለሁ። ባለ ጥርሱ የባለቤቴ ወንድም ነበር፤ እስከ ዛሬ ለበዓል ቤታችን አይመጣም።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው የለም። እንግሊዝኛም ቢሆን የተማርኩት ከመድኃኒት ወረቀትና ከፓምፕ መመሪያ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቆጣ ይላል። እንደ ሰው «እንዴት አደርክ» ማለት አልችልም፤ «ከሕፃናት አርቀው ያስቀምጡ» እና «እርጥብ እጅ እንዳይነካው» በማለት ግን ከካራቆሬ እስከዚህ የሚስተካከለኝ የለም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ትንሽ መሬት አለችኝ፤ ቀይ ሽንኩርት አለማባታለሁ። የመስኖ ማኅበራችንም ጸሐፊ ነኝ። አባላቱ ሠላሳ አራት ነን፤ ቦያችን አንድ ነው። ውሃው የሚደርሰን በተራ፣ ተራው የሚወጣው በዕጣ ነው። ቆላን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው፦ አዲስ የተተከለ የሽንኩርት ችግኝ በተራው ቀን ውሃ ካላገኘ በማግስቱ ገለባ ነው። እኛ ዘንድ በድንበር የተጣላ በሽማግሌ ይታረቃል፤ በውሃ ተራ የተጣላ ግን ሽማግሌው ከመድረሱ በፊት አካፋው ይደርሳል። ስለዚህ የተራው ዝርዝር ማለት የማኅበሩ ሰላም ማለት ነው፤ ሰላሙን የያዝኩትም እኔ ነኝ።

ድሮ የምይዘው በደብተር ነበር። ዘንድሮ አንድ ገበሬን እንደግፋለን የሚል ድርጅት ለማኅበሩ ላፕቶፕ ሰጠ። ማን ይያዘው ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። (አንድ ሁለት ሰው ሌላ ቦታ አይቶ ይሆናል፤ ፀሐይ ነበር።) የወቅቱ ዕጣ እንደወጣ የሠላሳ አራቱን ሰው ስም በተራቸው መሠረት ከደብተር ወደ ላፕቶፕ ገለበጥኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ የሠራችው አንዷ ጣቴ ናት፣ ዘጠኙ ያበረታቱ ነበር። ሲያልቅም የወረቀት ዘመን ማብቃቱን አውጄ ደብተሩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። እሷም ለዘመድ ለጎረቤት በርበሬ ስትልክ ገጽ በገጽ እየቀደደች ጠቀለለችበት። እንዲህ ሆኖ የማኅበሩ የውሃ ተራ በዓለም ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ እሱም እኔ ጭን ላይ።

ችግሩ የላፕቶፑ ቤት ባዶ አለመሆኑ ነው። ካርቶኑን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ ላስቲኩን የላጥኩት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ስከፍተው ውስጡ ሰው ሞልቶታል! ከፋብሪካው ጀምሮ ተሳፍረው የመጡ፣ ማንም ያልጠራቸው ፕሮግራሞች። አንዱ ስሙን የማላውቀው አገር በረዶ እየጣለ ነው ብሎ ካፖርት ልበስ ይለኛል፤ እኔ ቤት ሻማው በቆመበት በሙቀት ጎብጦ ለምስጋና የሰገደ መስሏል። አንዱ ከረሜላ ደርድር ይለኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ። አንዱ ካርታ እንጫወት ይላል። አንዱ ልደትህ መቼ ነው እያለ ይነዘንዘኛል፤ እናቴም የምታውቀው «ማሽላው ያሸተ ጊዜ» እንደነበረ ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚሠሩ ማሽኑ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ዳገት እንደያዘ ባጃጅ ያጓራል።

ከሁሉም የከፋው ዘበኛ ነኝ የሚለው ነበር። ቫይረስ እጠብቃለሁ ይላል። ዘበኛ ሌባ ሲመጣ ይጮሃል፤ ይህኛው ሌባ ባለመምጣቱ ይጮሃል። በየአሥር ደቂቃው ቀይ ሆኖ ብቅ ይልና «አደጋ ላይ ነህ!» ብሎ እንደ አምቡላንስ ያለቅሳል።

ሰኞ ዕለት ማኅበሩ ተሰብስቦ የቦይ ጠረጋ ሲወያይ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ በክብር ተቀምጬ ሳለሁ ዘበኛው ፈነዳ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ ሐጂ ሙሄ። ሐጂ ሙሄ የማኅበራችን የውሃ አባት ናቸው፤ ውሃ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእሳቸው ቃል ነው።

እኔም ለትርጉም ታማኝ ነኝና «አደጋ አለ ይላል» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አሥር ሰው አካፋ ይዞ ወደ ቦዩ በረረ። ቦዩ የተናደ መስሏቸው ነው። በዚያ ፀሐይ ሮጠው፣ ደህና መሆኑን አይተው፣ ላባቸውን እያንጠባጠቡ ሲመለሱ አስተያየታቸውን አልወደድኩትም።

ሐጂ ሙሄ ምርኩዛቸውን አነሱ። «ስማ አንተ ሰው። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ውሃ እንከፍታለን። እስከዚያ ወይ ይህን ዘበኛ አባርልኝ፣ ወይ ደብተሬን መልስልኝ።»

ደብተሩ በርበሬ ተጠቅልሎበት ማጀቴ ከተማ ድረስ ሄዷል። ስለዚህ ዘበኛው መባረር ነበረበት።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ማመልከቻ የምትጽፈውን ሰብለን አገኘኋት። ልጠይቃት አልነበረም፤ ላሳውቃት ነው።

«ጋሼ፣ ጨዋታዎቹንና ያንን ጯሂውን ያጥፉ» አለችኝ። «የማያውቁትን ግን እንዳይነኩ፣ አደራ!»

«የማላውቀውን ካልነካሁ እንዴት አድርጌ ላውቀው ነው?» አልኳት። ግንባሯን ያዘች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠይቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ ግንባራቸውን ይይዛሉ።

ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ላፕቶፑን በረጠበ ጡብ ላይ አስቀምጬ (ይህ የራሴ ፈጠራ ነው፤ ከሥሩ ቀዝቀዝ ያደርገዋል) ሥራ ጀመርኩ። ሐጂ ሙሄ ለምስክርነት መጡ። የማኅበሩ ንብረት ነውና ምስክር ሳይኖር ከውስጡ ገለባም አይወጣም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ቢስሚላህ፣ ጀምር» አሉ።

በረዶውን አስወጣሁት። ከረሜላውን አስወጣሁት። ካርታውን ሳስወጣ ሐጂ «ሐራሙ ሄደ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ልደቴን የሚጠይቀውንም ሸኘሁት። ማሽኑ ለእያንዳንዱ «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል። እኔን! ሬዲዮ የገጠምኩትን ሰውዬ! ሁሉንም «አዎ» አልኩት።

ከዚያ ዘበኛው ላይ ደረስን። ውጣ ስለው አልወጣም፤ አንድ ሰፊ ሳጥን ዘርግቶ ጠየቀኝ።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

«ለምን ልትለየኝ ፈለግህ? ምክንያትህን ጻፍልኝ ይላል።»

ሐጂ ሙሄ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስተኙ። «ይጠይቃል እንዴ? እኔ ቤት ሃያ ቀን ተቀምጦ ሲወጣ፣ ምን አጠፋሁ ያለ እንግዳ አይቼ አላውቅም። ወላሂ ጨዋ ነው! ዝም ብለህ አትሸኘው፤ መልስለት።»

«ሐጂ፣ ማሽን እኮ ነው።»

«ማሽን ቢሆንስ? ባለጌ እንባል?»

እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። «ይድረስ ለዘበኛው። በመካከላችን ቂም የለም። በጩኸትህ ግን አሥር ሰው በከንቱ ሮጧል፤ ሽማግሌም ደንግጧል። አላህ የተሻለ ጌታ ይስጥህ። መንገድህን ያቅናልህ።» በአንድ ጣት ነውና ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣን። ጨርሼ ልልክ ስል ሳጥኑ አልቀበልም አለ፤ ጽሑፉ በዝቷል፣ አሳጥሩ።

«እንግዲያው ምርቃቱን ልቁረጠው» አልኩ።

«ምርቃት አይቆረጥም! ወቀሳውን ቁረጥ።»

ወቀሳውን ቆረጥኩ። አሁንም በዝቷል። ቂም የለም የሚለውን ቆረጥኩ። በመጨረሻ የቀረው «አላህ የተሻለ ጌታ ይስጥህ» ብቻ ሆነ፤ እሱን ላክን። ዘበኛው አንድ የሚያለቅስ ፊት አውጥቶ፣ ሐሳብህን ከለወጥክ ሦስት ወር በነጻ አገለግልሃለሁ አለ።

ሐጂ ከበርጩማው ብድግ አሉ። «ሦስት ወር በነጻ? የቦይ ጠባቂያችን ሦስት ቀን በነጻ አልሠራልንም እኮ! ይቅር በለው በቃ፤ ልቡ ተሰብሯል።»

እዚህ ላይ ቆራጥነቴን ብታዩ! ሐጂን በግራ እጄ አስቀምጬ በቀኜ «አስወጣው» የሚለውን ተጫንኩ። ዘበኛው ሄደ። በረንዳው ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ ከወረደ ሰንብቷል።

ብልህ ሰው ይኼኔ ላፕቶፑን ይዘጋል። እኔ ግን ከብልህ እበልጣለሁና ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋሁት። ሰባት ስም ቀርቷል። ረጃጅም ናቸው፤ ግማሹ ፊደል፣ ግማሹ ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ ይመስላሉ።

«እነዚህስ እነማን ናቸው?» አሉ ሐጂ።

«ገና... አልተዋወቅንም።»

«የማታውቀውን ከቤት አታስወጣ። የቤቱ ልጅ ቢሆንስ?»

«ሌባ ቢሆንስ?» አልኳቸው።

ሁለታችንም ትክክል ስለነበርን ተፋጠጥን። እኛ አገር ደግሞ ሁለት ትክክል የሆኑ ሰዎች ሲፋጠጡ አንድ መፍትሔ ብቻ አለ። ማን ቀድሞ ውሃ ያግኝ? ዕጣ። ማን የቦዩን ራስ ይጥረግ? ዕጣ። ባለጉዳይ ሁሉ የየራሱን ምልክት፣ ጠጠርም ይሁን እንጨት፣ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እጁን ሰድዶ ያወጣል። በዚህ ፍርድ ማንም ይግባኝ ብሎ አያውቅም። ታዲያ ለሰው የሆነ ፍርድ ለማሽን ያንሰዋል?

«ዕጣ ይለየው» አልን ሁለታችንም በአንድ አፍ።

ፕሮግራሞቹ ምልክታቸውን ማምጣት ስለማይችሉ እኔ ወከልኳቸው። ማሾ፣ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ የክብሪት እንጨት፣ የደረቀ በርበሬ፣ የሎሚ ፍሬ፣ የማሽላ አገዳ ቁራጭ። የትኛው የማን እንደሆነ መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ሐጂም ፈረዱ፦ አራት ይውጡ፣ ሦስት ይቅሩ። የቀረው አውጪ ብቻ ነው፤ ጉዳዩን የማያውቅ ንጹሕ ሰው።

በዚህ መሐል እትዬ ዘነበች ገቡ። እትዬ ዘነበች ባላቸው ከሞተ ወዲህ እርሻቸውን ራሳቸው የያዙ ጠንካራ ሴት ናቸው። ጠዋት ችግኝ ተክለው ውለዋል፤ ጭቃው እግራቸው ላይ ነው። የነገው የመጀመሪያ ተራም የእሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ተራዬን ላረጋግጥ ነው የመጣሁት። ችግኙን መሬት ላይ አውርጄዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ካልጠጣ አለቀልኝ። አንደኛ እኔ ነኝ አይደል?»

«እርስዎ ነዎት፤ እዚህ ውስጥ ተጽፏል። መጀመሪያ ግን እጅዎን እዚህ ባርኔጣ ውስጥ ይስደዱልን።»

«ደግሞ ዕጣ? እኔ ዕጣዬን አውጥቻለሁ እኮ!»

«የእርስዎ አይደለም፤ የእንግዶች ነው» አሉ ሐጂ።

«የምን እንግዶች?» አሉ እትዬ ዘነበች በረንዳውን ዙሪያውን እያዩ። ቢሆንም አወጡ።

ማሾ ወጣ። ባለ ማሾውን አስወጣሁት፤ ምንም አልሆነም። «አላልኳችሁም? ትርፍ ነበር!» አልኩ። ቆርኪ ወጣ። ባለ ቆርኪውን ሳስወጣው ማያው ላይ የምትሮጠው ቀስት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ጣቴን ብፈትግ፣ ብጠርግ፣ ብተፋበት ወይ ፍንክች። ሌላ ሰው ይደነግጥ ነበር፤ እኔ ግን በፊደል ገበታው ቁልፎች ብቻ እየረገጥኩ መሄድ ራሴን አስተምሬያለሁ፤ ቀጠልኩ። የክብሪት እንጨት ወጣ። የላፕቶፑ ድምፅ ጠፋ፤ ይህን እንደ ድል ቆጠርነው። በመጨረሻ በርበሬው ወጣ። ባለ በርበሬው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ትልቅ ሰው እንደነበረ ገብቶኝ ነበር። ከዚያ ማሽኑ ልጥፋና ልነሣ አለ፤ ፈቀድኩለት።

«ጨርሰናል!» ብዬ መዳፌን ጠረግሁ። ማጓራቱ ቆሟል። ሐጂ ዱዓ አደረጉ።

«እንግዲያው አሁን ተራዬን ያሳዩኝና ልቤ ይረፍ» አሉ እትዬ ዘነበች።

የተራውን ዝርዝር ረገጥኩ። ማሽኑ «በምን ልክፈትልህ?» አለኝ።

ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ከሰጠኝ ምርጫ አንዱን ነካሁ። ማያው ሙሉ ካሬ፣ ነጥብ፣ የቁራ እግር ሆነ።

እትዬ ዘነበች አንገታቸውን አሰገጉ። «የእኔ ስም ይሄ ነው?»

ሐጂም ተጠግተው አዩ። «ቁርዓን ቤት ያስተማሩኝ ፊደል አይደለም። የእናንተም ግዕዝ አይደለም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሠንጠረዡን የምጽፍበትን ፕሮግራም የማውቀው በመልኩ ነው፤ አረንጓዴ ካሬ ነው፣ በየቀኑ ሰላም የምንባባል። ስሙን ግን ጠይቄው አላውቅም። እዚህ አገር ሁሉም ሰው በቤት ስሙ ይጠራል፤ የመታወቂያ ስሙን የምንሰማው ወይ ክስ ሲመጣበት ወይ ሲሞት ነው። አረንጓዴውም በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው በመታወቂያ ስሙ ኖሯል። እሱም ከፋብሪካ ለሙከራ ተሳፍረው ከመጡት እንግዶች አንዱ ነበር። የእትዬ ዘነበችን ተራ የሚያነብላቸውን በእትዬ ዘነበች እጅ አስወጣሁት።

ባለቤቴ ከበሩ ብቅ አለች። «ከደብተሩ የቀረ ገጽ አለ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። የመጨረሻውን ዛሬ ጠዋት ነው የጨረስኩት።»

እኔ ሳልጠይቅ የምትመልስ ሴት ናት።

ላፕቶፑን ታቅፌ በባጃጅ ሰብለ ዘንድ ደረስኩ። ቁልፎቹን ነካ ነካ አድርጋ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ምን አጠፉ?»

«ትርፉን ብቻ።»

«የነገርኩዎትን...»

«በዕጣ ነው» አልኳት። «ሐጂም ነበሩ።»

ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችው። «ጽሑፉ አለ፤ የሚያነበው ነው የጠፋው። እሱን ለማውረድ ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ ኔትወርክ ደግሞ ቅድም ጠፍቷል።»

«መቼ ይመጣል?»

«ለእሱም ዕጣ ይጣሉበት» አለችኝ። የተማረ ሰው አፉ ክፉ ነው።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሠላሳ አራታችንም ቦዩ ራስ ላይ ነበርን። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ በብብቴ ይዣለሁ። የእትዬ ዘነበችን ማሳ ከዚያ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ትናንት ቆሞ የነበረው ችግኝ አንገቱን ደፍቷል። እሳቸው ደግሞ እኔን ነው የሚያዩት።

«ቢስሚላህ፤ አንብብ» አሉ ሐጂ።

«የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት!» ብዬ ጀመርኩ። «ቴክኖሎጂ ለገበሬ ያለውን ጥቅም በሚመለከት...»

«ጋሼ፣ ችግኝ ንግግር አይጠጣም!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሐጂ ሙሄ እውነተኛ ሰው ናቸው፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ። «ዝርዝሩ ማሽኑ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉን የጣልነው እሱና እኔ ነን» አሉ።

የተነሣው ጫጫታ አይጣል ነው። ሁለት ሰው «ሁለተኛ እኔ ነኝ» አሉ፤ አራት ሰው «አምስተኛ እኔ ነኝ» አሉ። ሠላሳኛ ነኝ ያለ ግን አንድም አልነበረም። አካፋዎች ከትከሻ ሲወርዱ አየሁ። ያኔ እትዬ ዘነበች ሰዉን ሰንጥቀው ሄደው የውሃው በር ላይ አካፋቸውን ተከሉ።

«እኔ አንደኛ ነኝ፤ ዕጣው ሲወጣ ሁላችሁም ቆማችሁ አይታችኋል። ዋሸች የሚል አለ?»

አካፋዎች ወደ ትከሻ ተመለሱ።

«ከእኔ ቀጥሎ ውሃ የሚቀበለኝ ማን ነው? ይምጣና ከኋላዬ ይቁም። እሱም ደግሞ የሚከተለውን ይጥራ።»

እኔም ይህንኑ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቀደሙኝ እንጂ።

ሰይድ የሚባለው ማሾ አምራች ወጥቶ ከኋላቸው ቆመ። እሱም የሚከተለውን ጠራ፤ ያም ያንን ጠራ። ለካስ ሰው ቁጥሩን ይረሳል እንጂ ውሃውን ከማን እጅ እንደሚቀበል አይረሳም፤ ሲዘገይበት የሚሰድበው እሱን ነውና። ሰልፉ እየተሳሳበ በቦዩ ዳር ረዘመ።

እኔ ግን ሰይድ ከጠራው ሰው ፊት ገብቼ ከሰይድ ኋላ ቆሜያለሁ።

ሰይድ ዞር አለ። «ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ተራዬ ነው። ሦስተኛ ነኝ።»

«ማን አለ?»

«ዝርዝሩ።»

«የትኛው ዝርዝር?» አለ ሰይድ ነጠላውን እያየ።

ከሰልፉ ጭራ ደግሞ አንዱ ጮኸ። «ጋሼ! ከእኔ ኋላ ባዶ ነው፣ ይምጡ እንጂ! የእርስዎ የዕጣ ምልክት፣ የሰዓቱ ጥርስ እኮ ባርኔጣው ስፌት ውስጥ ተሰንቅሮ መጨረሻ ላይ ነው የወጣው! ረሱት?»

አልረሳሁትም። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እዚሁ በመካከላችን ይቅር። ላፕቶፑ አማርኛ ይችል እንደሆነ ልፈትን ብዬ መጀመሪያ የጻፍኩት የራሴን ስም ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ወደቀ። የሌሎቹን ስጽፍ ማጥፋቱን ረሳሁ። ከዚያ አስታወስኩ። ከዚያ እንደገና ረሳሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ደግሞ የአንድ ሰው ስም ሁለት ጊዜ መጻፍ የሠንጠረዥ ነውር መስሎኝ ተውኩት።

ሐጂ ሙሄ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ምርኩዛቸውን ወደ ሰልፉ ጭራ አመለከቱና «ሂድ፤ ቦታህ ይጠብቅሃል» አሉኝ።

ከዚያ «ክፈቱ!» አሉ። ውሃው እየተንከባለለ ወደ እትዬ ዘነበች ማሳ ገባ። እኔም በሌላ አቅጣጫ ሄድኩ።

እንግዲህ በሦስት ቀን ውስጥ የፈጸምኩትን ልቁጠርላችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

አራት ሥራ ፈት ፕሮግራሞችን ያለ ጠብ አስወጥቻለሁ። አንድ ጯሂ ዘበኛ በምርቃት ሸኝቻለሁ፤ ከፋብሪካ ወጥቶ ተመርቆ የሄደ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ቀስት የሌለው ላፕቶፕ በአንድ ጣት ነድቻለሁ።

የማኅበሩን የውሃ ተራ ከወረቀትም ከማሽንም አላቅቄ በሠላሳ አራት ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጌአለሁ። አሁን እሳት ቢነሣ አይቃጠል፣ ኔትወርክ ቢጠፋ አይጠፋ። ይህን ያደረጉት እትዬ ዘነበች ናቸው የሚል አለ፤ ዕድሉን የፈጠረላቸው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ችግኛቸው ቀና ብሏል፤ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፣ በሩቁ።

ሐሙስ ኔትወርክ መጥቶ ሰብለ አረንጓዴውን ስትመልሰው፣ ሦስተኛውን መስመር ማንም ሳይጎተጉተኝ በገዛ ጣቴ አርሜአለሁ። ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ነበር እንጂ ምንም አላሉኝም።

ሠላሳ ሦስት ሰው እያየኝ ከሦስተኛ እስከ መጨረሻ በእግሬ ሄጄአለሁ፤ አልተደናቀፍኩም፤ ላፕቶፑንም አልጣልኩም።

እስከ ተራዬ ደግሞ ዘጠኝ ቀን አለ። በየቀኑ ከወንዙ በባልዲ እየቀዳሁ ሽንኩርቴን አጠጣለሁ። የመጨረሻው መደብ ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቀኛል፤ ባልዲዬን ይዤ እመለሳለሁ። ይህንንም ችዬዋለሁ።